ሳህን የያዘ እጅ

የሰማህ ላልሰማ ንገር፤ ያልሰማህ ፀጉር ቤት ገብተህ ጠይቅ! የሳሙና ፋብሪካው አክሲዮን ማኅበር የቁራሽ አክሲዮን ባለቤት፣ የመቀስና የማበጠሪያ አዛዥ የሆነው ፀጉር አስተካካይ ዘንድሮ ተቃወመ!

ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ጉባኤው ድሮ በሆቴል አዳራሽ ነበር የሚጠራው። የቦርዱ ሰብሳቢ ሪፖርታቸውን የሰው ሆድ እስኪጮኽ ያነባሉ። ምሳው ሲገባ ቦርዱ ውስጥ የሚቀመጠው የአነስተኛ ባለአክሲዮኖች ተወካይ ምርጫም አብሮ ይገባል። እጩው ምንጊዜም አማቻቸው ነው። ሁሉም በአንድ እጁ ሳህን፣ በሌላው ብርጭቆ እንደያዘ ሰብሳቢው «የሚቃወም እጁን ያውጣ» ይላሉ። ማን ያወጣል? በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ፀጉር አስተካካዩን ግን አንድ ነገር ያንገበግበዋል፤ ሳሙናውን የሚያመላልሱት መኪኖች ሁሉ ለምን የአማችየው ሆኑ? ይህን ቦርዱ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል፤ አፍ አውጥቶ አይበለው እንጂ ያ ሰው እሱ ቢሆን አይጠላም። በየዓመቱ ሊቃወም ይሄዳል፤ በየዓመቱ ጠግቦ ይመለሳል። ባለቤቱ በር ላይ ጠብቃ «ተናገርክ ወይስ በላህ?» ትለዋለች። ጢሙ ላይ የቀረው ቅባት ይመልስላታል።

ዘንድሮ ሰብሳቢው ዘመናዊ ሆኑ። ጉባኤው በስልክ ይሁን አሉ። የምሳው ወጪ ቀረ፤ የተንጫጪውንም አፍ በአንድ ቁልፍ መዝጋት እንደሚቻል ሲነገራቸው ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው አሉ። ማንም ማንንም መጠቆም እንደሚችል፣ ድምፁንም ማሽኑ ራሱ እንደሚቆጥር የሚያወራውን የመመሪያ ገጽ ግን ማን ያንብበው!

በጉባኤው ቀን ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን መስታወቱ ሥር አቆመ። የመኪኖቹን ነገር ሊያነሳ ቢሞክር ድምፁ ተዘግቷል። እንደ እሱ የቁራሽ ባለቤት የሆነው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ ፀጉሩ ግማሹ ተቆርጦ ግማሹ ቆሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ወዳጄ፣ አፍህን ዘጉት እንጂ ጣቴን አልዘጉትም» አለና የፀጉር አስተካካዩን ስም በእጩነት ላከ።

በየቤቱና በየሱቁ ያለው ቁራሽ ባለቤት ሳህን አልያዘ፣ ብርጭቆ አልያዘ። የፀጉር አስተካካዩን ስም ተጫነው። አማችየው የቦርድ ወንበሩን ለእሱ ለቀቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ እንደ ልማዷ ጠየቀችው።

«ርቦኛል» አላት። ሳቀችና ወደ ምድጃው ሄደች። እሱም ጢሙ ንጹሕ እንደሆነ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።

አሁን ሰብሳቢው፣ ስልክ ፍቅራችንን አቀዘቀዘው ብለው የሚቀጥለውን ጉባኤ ወደ አዳራሹ መልሰውታል። ምሳው እጥፍ ነው ተብሏል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም የዚያ ፋብሪካ ቁራሽ ካለህ አደራህን፤ «የሚቃወም እጁን ያውጣ» ሲባል ያን ሳህን እባክህ...