አባቴ በልብ ድካም አልሞተም

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ የቆምኩት የራሴን ምስክርነት ላርም ነው። ባለፈው ዓመት እዚሁ ቆሜ፣ «አባቴ በልብ ድካም ሞተ፣ ጌታ ግን አጽናናኝ» ብዬ ነበር። እናንተም እልል አላችሁ። ውሸቴን ነበር። አባቴ ራሱን ነው ያጠፋው።

አውቃለሁ፣ ይከብዳል።

አገራችን ከቀየት ከተማ ወዲያ፣ ደጋው ላይ ነው። አባቴ ባና፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ይሠራ ነበር፤ የበግ ጠጉሩን ራሱ አስፈትሎ፣ ራሱ ሸምኖ። በሞተበት ክረምት አንዱን ባና ጀምሮ ተወው። «ደክሞኛል ልጄ» አለኝ። እኔም፣ «ታዲያ እረፋ አባዬ፣ ማን ያዘህ?» ብዬ ሳቅኩ። በሳምንቱ አጣሁት። ያቺ ሳቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

የደብራችን ቄስ እያለቀሱ፣ «ፍትሐት እንዳላደርግለት ሥርዓቱ ያዘኝ፣ ልጄ» አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀበረ። ታላቅ ወንድሜም፣ «ድንኳን አይተከልም፤ ማንም እንዳያለቅስ» አለ። እኛ አገር ለተጣሉት ጎረቤት እንኳ ለቅሶ ይደረሳል። ለአባቴ ግን ደጃችንን የረገጠ ሰው አልነበረም። እኔም ጥቁር ሳልለብስ መሐል ሜዳ ከተማ ገባሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ልብ ድካም» አልኩ። ጌታን ካገኘሁ በኋላም ቀጠልኩበት! ለካ ሰው ድኖም ይዋሻል።

ከዚያ ምስክርነት ወዲህ መጸለይ አቃተኝ። አፌን ስከፍት እልልታችሁ ይመጣብኛል። አንድ ጠዋት ከአከራዬ ከእማማ በለጡ ጋር ምስር ስንለቅም፣ ያው ዛሬም እናንተ መካከል ተቀምጠዋል፣ «ምነው ልጄ፣ ከሳሽብኝ» አሉኝ። ሁሉንም አወጣሁት። ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ወደ ውጭ ወጡና የገዛ ቤታቸውን በር እንደ እንግዳ አንኳኩ። ገብተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ። «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም፣ ወገኖቼ! እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ጌታም አብሮኝ ለቅሶ ተቀመጠ። ስሙ ይባረክ!

«አባቴ አሁን የት ነው?» ብዬም ጠየቅኋቸው። «አላውቅም ልጄ፤ ፈራጁ ግን ከእኔም ከአንቺም ይልቅ ይራራል» አሉ። እኔም የያዝኩት ይህንኑ ነው። ሐዘኑ አልሄደም፣ አልዋሻችሁም። መጸለይ ግን ችያለሁ። ሃሌ ሉያ!

ከመካከላችሁ እንደ አባቴ የደከመው ካለ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይንገር። የምትሰሙትም እንደ እኔ አትሳቁ፣ አብራችሁ ተቀመጡ። ጌታ የደከመውን አይገፋም፤ ታመኑበት።

እኔም አንድ ነገር ልለምናችሁ። አባቴ ደምሴ ይባላል። ዛሬ እልል አትበሉልኝ። ስትወጡ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» በሉኝ።