ፔዳሉ ላይ ያሰመርኩት ጠመኔ

የማሰልጠኛ መኪና ለሁለት እንደሚነዳ ከመማሬ በፊት አላውቅም ነበር። ተማሪው እግር ሥር ሦስት ፔዳል አለ፤ አሰልጣኙ እግር ሥር ደግሞ ሁለት፣ ፍሪሲዮንና ፍሬን። ተማሪው ሲሳሳት አሰልጣኙ ይረግጥለታል። የመጀመሪያ ቀን ይህን ሲያስረዱኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እነዚያን ሁለት ትርፍ ፔዳሎች አላመንኳቸውም።

ምክንያት ነበረኝ። ባለቤቴ ሲያርፍ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ትቶልኝ ነበር። ታናሽ ወንድሙ፣ «የሚነዳት የሌለ መኪና ቆማ ትበሰብሳለች» ብሎ ሊወስዳት ጠየቀ። ሽማግሌዎች ግቢያችን ተቀምጠው ወሰኑ። ቡና እስኪለቀም ድረስ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ መኪናዋ የእኔ ናት፤ ካላወጣሁ የእሱ ቡና ማመላለሻ ትሆናለች። አሰልጣኙን ፈልጎ ያመጣልኝም ይኸው የባለቤቴ ወንድም ነው።

«እታለም፣ ምንም አታስቢ። ሰውየው ትዕግሥተኛ ነው» አለኝ።

ሳልጠይቀው ደግ ሲሆንልኝ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

አሰልጣኜ ስድሳን የተጠጉ፣ ጉልበታቸውን በሞያሌ መንገድ በጭነት መኪና የጨረሱ ሰው ናቸው። የምንለማመደው ከዲላ ዋና አስፋልት ወደ ቡና ማሳዎቹ በሚገባ ኮረኮንች ዳገት ላይ ነበር። ዳገቱ ወገብ ላይ ያስቆሙኝና፣ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ምራን» ይላሉ። ከዚያ ነዳጅ እየሰጠሁ፣ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቅቄ የእጅ ፍሬኑን ሳወርድ መኪናዋ ሽቅብ ትሄዳለች።

«ጎበዝ! እጅ ማለት ይሄ ነው!»

እኔ ግን በሃያ ስምንት ዓመቴ አንደኛ ክፍል የገባሁ ሴት ነኝ። ልወልዳቸው ከምችል ሕፃናት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ፣ «አዝነውላት ነው የሚያሳልፏት» ሲባል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቶሎ ጎበዝ ስባል ልቤ አይሞቅም። ዛሬ የምሠራው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ የመንጃውንም መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጀማሪ ዳገት ላይ ሞተር እንደሚያጠፋ፣ ወደ ኋላም እንደሚንሸራተት ተጽፏል። እኔ ሜዳ ላይ ሞተር አጠፋለሁ፤ ዳገት ላይ ግን በሦስት ሳምንት አንድ ቀን አላጠፋሁም። ይህ እንዴት ይሆናል? አንዳንዴ ፍሪሲዮኑ እግሬ ሥር በራሱ ዝቅ ሲል ይሰማኛል። ዞር ስል አሰልጣኜ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ የሚያልፈውን ባለባጃጅ ይሳደባሉ።

ፈታኝ እግሩን አያበድርም። የፈተናው ቀን ዳገቱ ላይ ብወድቅ ማን እንደሚደሰት አውቅ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቁራጭ ጠመኔ ይዤ ቀደም ብዬ ደረስኩ። እሳቸው ሻይ ቤት በር ላይ ብርጭቋቸውን እስኪጨርሱ፣ በሩ ክፍት ወደሆነው መኪና ጎንበስ ብዬ በእሳቸው ፔዳሎች ላይ ወፍራም መስመር አሰመርኩ። ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጣን። ሁለት ጊዜ ጎበዝ ተባልኩ። ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ።

«ጋሼ፣ የጫማዎን ሶል ያሳዩኝ።»

«ሶሌን? ምን ረገጥኩ?»

«እሱን ነው የምጠይቅዎት።»

ግራ እግራቸውን አነሱ። ጥቁሩ ጎማ ላይ ነጭ መስመር ተጋድሟል። ጎንበስ ብለው ፔዳሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

«አንቺ፣ ፖሊስ ቤት ነው እንዴ የምትሠሪው?»

«እንዲህ ያድርጉ ያለዎት የባለቤቴ ወንድም ነው?»

ሳቁ ቆመ። «እሱማ . . .» አሉ ጆሯቸውን እያሻሹ፤ «ሐዘንተኛ ናት፣ ቡና እስኪደርስ አጫውቷት ብሏል። እግሬን ግን እሱ አላዘዘውም። አንዴ ቡና ጭኜ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሄዶብኝ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ይሄ እግር ዳገት ሲያይ ሳይጠይቀኝ ይረግጣል።»

የትኛውን እንደማምን እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

ወደ ዳገቱ ወገብ ተመለስንና እንዲወርዱልኝ ጠየቅኳቸው።

«ከገዛ መኪናዬ? ወደ ኋላ ብትሄጂስ?»

«ታኮ ይያዙ።»

እያጉረመረሙ ለኋላ ጎማ መደገፊያ የሚሆን ትልቅ ድንጋይ አነሱ። ብቻዬን ቀረሁ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ሲሆን መኪናዋ የሰፋች መሰለኝ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፋ። ሁለተኛውን ወደ ኋላ ተንሸራትቼ ጎማው ድንጋዩን ሲመታ ጥርሴ ተንገጫገጨ። እሳቸው ከኋላ ጮክ ብለው ይጸልያሉ። ድንጋዩ ደግፎ እንዳያወጣኝ ብዬ ከጎማው አንድ ክንድ ያህል እንዲያርቁት አዘዝኩ። ሦስተኛውን ነዳጅ ሰጠሁ፣ ፍሪሲዮኑን የመኪናዋ አፍንጫ ቀና እስኪል ብቻ ለቀቅሁ፣ የእጅ ፍሬኑን አወረድኩ። ወጣች።

ላይ አቁሜ በእግሬ ተመለስኩ። ድንጋዩ ካስቀመጡበት ንቅንቅ አላለም። ገፍተውኝ እንደሆነስ ብዬ የመኪናዋን የኋላ በር አየሁ፤ አቧራው ላይ የእጅ ምልክት የለም።

«አሁንስ አመንሽ?» አሉኝ።

«መኪናዋን አዎ።»

የፈተናው ቀን ፈታኙ ከጎኔ ሲቀመጡ፣ «ይቅርታ፣ እግርዎን ከፔዳሉ ይሰብስቡልኝ» አልኳቸው። ቅንድባቸውን ሰቅለው አዩኝ፣ ግን ሰበሰቡ። አለፍኩ።

ዘንድሮ ቡናው ሲደርስ የባለቤቴ ወንድም መኪና ለመነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮንጋ ማሳው ቡናውን አመላልስለታለሁ፤ ቁልፉን ግን አልሰጠውም። ከጎኔ ተቀምጦ፣ «እታለም፣ ኧረ ቀስ!» ይላል። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። በእሱ በኩል ፔዳል የለም። ምንጣፉን ገልጬ አይቻለሁ።