ንግሥት የሆንኩባት እሑድ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። መርካቶ ጎጃም በረንዳ፣ ከአንድ ጨርቅ ቤት ደጅ፣ እኔና ሐጂ ጎን ለጎን የስፌት መኪናችንን አቁመን እንሰፋ ነበር። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የሰፈራችን መምህር በድሮ ዘመን ስለነበረች አንዲት እስላም ንግሥት ቲያትር ጻፈ። መድረክ ላይ ልትወጣ የደፈረች ሴት ግን ጠፋች። እኔ ቀጭን ነበርኩ፣ ድምፄም ቀጭን፤ ጢሜም ገና አልወጣም። ንግሥቷ እኔ ሆንኩ።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ መኪናቸውን አቆሙ።

"አንተ ልጅ፣ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍራ ድሃውን ያጠጣችውን ሴት መሳቂያ ልታደርጋት ነው?"

"ኧረ ሐጂ፣ እንዴት አድርጌ!"

"ሰው የሳቀባት እንደሆነ ከጎኔ ተነስ፤ ሌላ በረንዳ ፈልግ።"

ከሳቸው ጎን መነሳት ለእኔ ከቤት እንደ መባረር ነው። የንግሥቷን ቀሚስ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁት። ሻሹን ስሞክር ሐጂ በጎን አይተውኝ፣ "አገጭህ ሥር ጠበቅ አድርገው" ይላሉ፤ ከዚያ መልሰው ይኮሳተራሉ።

እሑድ ከሰዓት ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ መርካቶ ግልብጥ ብሎ መጣ። ሐጂ ከፊት ተቀምጠዋል። ገና ብቅ ስል አንዱ ኩሊ፣ "ትናንት ሱሪዬን የጣፈችልኝ ናት!" አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን ሻሼን አገጬ ሥር ጠበቅ አድርጌ ቀጠልኩ።

ንግሥቲቱ አርጅታ ጉድጓዱን ለሁለት ልጆቿ ታወርሳለች፤ እነሱ ደግሞ ለድሃ አናጠጣም ይላሉ። አንዱ ልጄ ሆኖ የተጫወተው እንዲያውም ጢማም ሥጋ ሻጭ ነበር። ድርሰቱ "ትረግማቸዋለች" ይላል። እጄን ወደ ሰማይ አነሳሁ። የእናት እርግማን እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም።

"እመቤቴ!"

ሐጂ ናቸው። ቲያትር መሆኑን ረስተው መድረኩ ላይ ወጡ። "በአላህ፣ አይርገሙ! የልጅ ነገር ነው፤ እኛ እናስታርቃለን!" ጋቢ የደረቡ ሁለት የጎጃም ነጋዴዎችም "ስለ ማርያም!" እያሉ ተከተሏቸው። ልጆቼን ማጅራታቸውን ይዘው እግሬ ላይ ጣሏቸው። መምህሩ ከመጋረጃው ኋላ፣ "እርገሚ! እርገሚ እንጂ!" ይለኛል።

ሽማግሌ እየለመነኝ እንዴት አድርጌ ልርገም?

"ምሬያችኋለሁ፤ ውሃው ለሁሉም ይሁን" አልኩ። እልልታው ቆርቆሮውን አናጋው። ቲያትሩ በዚያው አለቀ፤ መምህሩ አንድ ሳምንት አኮረፈኝ።

ሰኞ ጠዋት ስመጣ ሐጂ የእኔን መኪና ወልውለው ከጎናቸው አስቀምጠውታል። ቀና ሳይሉ፣

"እመቤቴ፣ ይቀመጡ" አሉኝ። "ቅዳሜ የሰፉት እጅጌ ግን ጠሟል፤ ይፍቱት።"