እናቴ ለማህበርተኞቼ የጠመቀችው ጠላ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... እናቴ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ እንግዶቼ ፊት ስትቆም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ምነው ጠላ ቢቀርብ ትሉኝ ይሆናል። እንግዶቹ በሙሉ መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች ናቸው። እኔም አንዱ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ደብረ ታቦር ውስጥ ብየዳ ቤት አለኝ። አረቄ እንዴት እጠጣ እንደነበር የሰፈሬን ሰው ጠይቁ፣ እኔ አፍራለሁ። አንድ ቀን መጠጥ መተው የፈለጉ ሰዎች እሁድ እሁድ ጤና ጣቢያ ተሰብስበው እንደሚነጋገሩ ሰማሁ። መሄዱን ሄድኩ፣ ግን ኮፍያዬን እስከ አፍንጫዬ ደፍቼ ነው። በር ላይ የማውቀው ሰው ከገጠመኝ «ደም ግፊቴን ልለካ ነው» እላለሁ። በእሁድ ቀን! ሰፈሩ ሁሉ ለደም ግፊቴ ሲያዝንልኝ ከረመ።

ውስጥ ገብቼም ከኋላ ነው የምቀመጠው። ሁሉም በየተራው «እኔ ጠጪ ነኝ» ብሎ የደረሰበትን ይናገራል። እኔ ጋ ሲደርስ «ዛሬ ላዳምጥ» እላለሁ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ምስጋናው ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። «ግድ የለም፣ አፍህ ሲፈታ ትናገራለህ» ይሉኛል። አፌ አልተፈታም። መጠጡን ግን እየተውኩት መጣሁ።

እናቴ «እሁድ እሁድ የት ነው የምትጠፋው?» ስትለኝ ደግሞ አፌ ላይ የመጣልኝን ዘባረቅኩ። «የመድኃኔዓለም ማህበር ገብቻለሁ» አልኳት። እልልታዋን ብትሰሙት! ልጄን ከአረቄ ቤት አውጥቶ ጽዋ ማህበር አስገባልኝ ብላ በማግስቱ ጧፍ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልመልሰው?

እንዲህ እያለ የጤና ጣቢያው ክፍል ሊታደስ ነው ተባለና በየቤታችን በተራ እንሰብሰብ ተባልን። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ።

እናቴ ይህን እንደሰማች ገብስ አስፈጨች፣ ጌሾ ወቀጠች።

«እማዬ፣ ለእነሱ ሻይ ይበቃል።»

«ሻይ? ማህበርተኛ በሻይ? በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው? አንተ አትቀምስም፣ ቅራሪም አልሰጥህ። እንግዳ ግን በደረቁ ከቤቴ አይወጣም!»

ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ሲጠነሰስ ዝም፣ ሲደፈደፍ ዝም። ለእነ ጋሽ ምስጋናውም ትንፍሽ አላልኩም። ምናልባት ጠላው ይበላሽ ይሆናል ብዬ ስጸልይ ነበር... ይታያችሁ የእኔ ጸሎት!

እሁድ ሆነ፣ መጡ። እናቴ ነጭ ለብሳ፣ ወገቧን በመቀነት አስራ መጀመሪያ ጋሽ ምስጋናው ዘንድ ቆመች። እሳቸው ጠላውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ጨጓራ አለብኝ» አሉ።

ቀጣዩ «መድኃኒት ላይ ነኝ» አለ። ሌላኛው ኩላሊት አለብኝ አለ። ለእኔ ሲሉ ሁሉም ዋሹ። የእናቴ ፊት ጠቆረ።

«ምን ጉድ ነው? ከመካከላችሁ አንድ ጤነኛ የለም? ወይስ ቤቴን ንቃችሁት ነው?»

መጨረሻ ላይ የተቀመጠው አያሌው ነው። ከጋፋት በላይ የሚያርስ ገበሬ ነው፣ ከሁላችንም አዲስ። እጁ ገና መንቀጥቀጡን አልተወም።

«አንተ እንኳ ጠጣልኝ ልጄ። በሞቴ!»

አያሌው፣ እናት በሞቴ ብላው እምቢ ማለትን ከየት ይማረው? ብድግ ብሎ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሽታው ደረሰው መሰለኝ ዐይኑን ጨፈነ። ጣሳውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አያሌው፣ አስቀምጠው!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። «እማዬ... የመድኃኔዓለም ማህበር አይደለም። ዋሽቼሽ ነው። መጠጥ ለመተው ነው የምንሰበሰበው። እኔ ጠጪ ነኝ... ሁላችንም ጠጪዎች ነን።»



እናቴ ጣሳውን ከአያሌው እጅ ቀስ አድርጋ ወሰደች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ጎረቤት ከቦይ ውስጥ አውጥቶ፣ ተሸክሞ ሲያመጣህ አላፈርክም። ለመዳን ስትሄድ አፈርክ?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ልጄን ያተረፉልኝን ሰዎች በገዛ እጄ ልታስገድለኝ ነበር?»

ቢበቃኝ ጥሩ ነበር... አልበቃኝም። እናቴ አያሌው እግር ላይ ልትወድቅ አጎነበሰች። «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ሳላውቅ ነው» እያለች። እሱ «ኧረ በማርያም እማማ!» እያለ ያነሳታል። ጥፋቱ የእኔ፣ ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጠላውን ወደ ጓዳ መልሳ ሻይ ጣደች። ከዚያ ጥግ ላይ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና «በሉ ጀምሩ፣ እኔም ልስማ» አለች።

ሰክሬ ያልሰራሁት ጉድ የለም። እንደ እሁዱ ያፈርኩበት ቀን ግን አላስታውስም... ያውም ጠብታ ሳልቀምስ!