በሬዲዮ የታጨሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሴት ልጄ የጆሮ ማዳመጫ ገዝታ ሰጠችኝ። ስጦታ እንዳይመስላችሁ፣ ቅጣት ነው። ከእሷ ጋር ታክሲ ውስጥ ሆኜ እህቴ ከድሬዳዋ የላከችልኝን የድምፅ መልእክት ከፍቼ ስሰማ ሾፌሩም ተሳፋሪውም አብሮኝ ሰማ። እህቴ ጉልበቷን እንደሚያማት ስትናገር ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ ጥቁር አዝሙድ በዘይት አሽታ ትቀባው ብለው መከሩኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ወረድኩ፣ ልጄ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «እማ፣ የቤት ጉዳይ እንዴት ታክሲ ውስጥ ይሰማል?» አለችኝ። ምን ልበላት? አባቷ ለእኔ ሽማግሌ ሲልክ ከሐርጌሳ እስከ በርበራ ያለ ሰው ሰምቶ ነበር።

ያኔ ሐርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ ገና ቀና ማለቷ ነው። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ የሌለው ቤት ብዙ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ሲመታ ይውላል። እኔ ሼክ ኑር በሚባለው ሰፈር ከአክስቴ ጋር እኖር ነበር፤ ዋሄን ገበያ ውስጥ ጨርቅ እንሸጣለን። ሙክታር ደግሞ ጣሪያ ሠሪ ነው፤ ድሬዳዋ ያደገ የሐርጌሳ ልጅ በመሆኑ አማርኛው ከእኔ አማርኛ አያንስም። ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለችውን አንዲት ሚጢጢ ጣሪያ ለመጨረስ አንድ ወር ሙሉ ፈጀበት። አክስቴ ነገሩ ገብቷት ለሙክታር ሻይ መላክ ጀመረች፤ የግመል ወተት ያለበት፣ ሄል የበዛበት ሻይ። እሱም ያንን ሻይ ለመጠጣት ከጣሪያው የሚወርድበት ፍጥነት አንድ ቀን አንገቱን ይሰብረዋል ብዬ እሰጋ ነበር።

አባቴ ሼህ ሰይድ የወሎ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ከድንበሩ ማዶ፣ ሐርትሼክ ከተማ፣ ልብስ ይሰፋ ነበር። አንድ ቀን በጭነት መኪና ሾፌር መልእክት ላከብን፤ መኪና ያለው አንድ ሰው ለጋብቻ ጠይቆኛል፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቃሉን ሊሰጠው ነው፣ ሌላ የሚጠይቅ ካለ ከዚያ በፊት ይጠይቅ የሚል። ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ደግ ነው፣ ነገር ግን ልጆቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሙክታር አጎት አዴር ዋርሳሜ ሄደው እንዲጠይቁ ታሰበ። አዴር ሶማሌዎች አጎትን የሚጠሩበት ስም ነው። ችግሩ ወቅቱ ዝናብ ነበርና ደረቁ ወንዝ ሁሉ ሞልቶ መኪና አያሳልፍም። የቀረን ታር ብቻ ሆነ።

ታር የሚሉት በመኪና ባትሪ የሚሠራውን የመገናኛ ሬዲዮ ነው። ስልክ በሌለበት ከተማ ሰው ከዘመዱ የሚገናኘው በሱ ነበር። አንድ ሳጥን፣ አንድ ማይክራፎን፣ ጣሪያ ላይ የተወጠረ ሽቦ፣ ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር፤ በቃ ይኸው ነው። አንዱ ሲያወራ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማል። በሌሎቹ ከተሞች፣ በቡርኦም በበርበራም፣ ሬዲዮውን በዚያው መስመር ከፍቶ ተራ የሚጠብቅ ይሰማል። ስለዚህ ሰዉ ለማያውቀው ሰው ሞት ያለቅስ፣ ለማያውቀው ሕፃን መወለድ እልል ይል ነበር።

አባቴን በሐርትሼኩ ታር አስጠርተን ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሄድን። ልጃገረድ ራሷ ስትጠየቅ መገኘቷ ነውር ስለሆነ እኔ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጥኩ። ውጭ ሳምቡሳ ይጠበሳል፣ ከበሩ የረጠበ አፈር ሽታ ይገባል። የሬዲዮው ባለቤት ፋራህ፣ ቦርጫም የድሮ ወታደር፣ ለአዴር ዋርሳሜ ደንቡን አስረዳቸው። ሲናገሩ የማይክራፎኑን ቁልፍ መጫን፣ ሲጨርሱ «ኦቨር» ብሎ መልቀቅ፤ ሁለቱ ሰዎች አንድ ላይ ከተጫኑ አንዱ ሌላውን አይሰማም። አዴር ዋርሳሜ በሽማግሌ ሸንጎ ላይ ግማሽ ቀን ሲናገሩ ማንም አቋርጧቸው የማያውቅ ሰው ናቸው። ቁልፉን በንቀት አዩት።

አሁን የሁለቱን ሰዎች ጠባይ አስቡት። የወሎ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ የሌላውን ጨርሶ እስኪሰማ አይጠብቅም። ሁለቱም ጤናውን፣ ልጁን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን አንድ ላይ ይጠያየቃሉ፣ አንድ ላይ ይመሰጋገናሉ፤ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ኩሩ ይባላል። ሶማሌውም ከዚህ አይሻልም። መስመሩ እንደተከፈተ ሁለቱም ቁልፋቸውን ጨብጠው «አሰላሙ አለይኩም» አሉና ቀጠሉ። አዴር ዋርሳሜ ሰላምታቸውን እስከ ሰባት ዘር አድርሰው ላብ ጠረጉና ለቀቁ። ከሳጥኑ የወጣው የአባቴ ድምፅ ግን የተቆጣ ነበር።

«ደጋግሜ ሰላም ብል አልመለሰልኝም። የአላህን ሰላምታ የነሳኝ ሰው ልጄን ምን ሊያደርጋት ነው? ጉዳዩ አልቋል።»

አዴር ዋርሳሜም ተነሡ። ሰላምታ የተነፈግኩትስ እኔ ነኝ አሉ፤ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ሙክታር እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ፋራህ ቁልፉን እያሳየ ቢለምን የሚሰማው የለም። እኔ መጋረጃውን ነክሼ የዚያ ደግ ሰውዬ ትልልቅ ልጆች እናት ሆኜ ታየኝ።

ያኔ ከሳጥኑ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ የሻከረ የሴት ድምፅ መጣ፤ አማርኛዋ ስደት ላይ የለመደችው አማርኛ ነው።

«ሼህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ቡርኦ ሆኜ የልጄን ድምፅ የምጠብቅ ነኝ። ሁለታችሁም ሰላም ብላችኋል፤ እኔ ሁለታችሁንም ሰምቻለሁ። እጃችሁን ብቻ ከቁልፉ አንሡ። ኦቨር።»

ከበርበራ አንድ ወንድ እኔም ሰምቻለሁ፣ ወላሂ አለ። ሌላም መሰከረ። አባቴ እነማን ናችሁ ብሎ ጠየቀ፤ ተራ ጠባቂዎች ነን አሉት። ሌላ ሰሚ የሌለ መስሎት ነበር። ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ አዴር ዋርሳሜም ተቀመጡና እንደ አዲስ ጀመሩ። ይህን ጊዜ አንዱ ሲናገር ሌላው ጠበቀ። ሽማግሌው ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው «ኦቨር» ለማለት የደረሰባቸውን ጭንቅ ፊታቸው ላይ አየሁት። አባቴ ሐቀኛ ሰው ስለሆነ ልጄ ወጥ ላይ ጨው ታበዛለች፣ በኋላ አልነገሩንም እንዳትሉ አለ። የበርበራው ሰው ማንም ሳይጠይቀው እኛ ባሕር ዳር ነን፣ ጨው አያስፈራንም ብሎ ገባ። ለዓመታት ዋሄን ውስጥ «ጨዌ» ተብዬ ኖሬአለሁ።

በመጨረሻ አባቴ የልጄን ፈቃድ ልወቅ አለ። ማይክራፎኑ በመጋረጃው ሥር ወደ እኔ ተላከ። በእኛ ወግ ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው። እንዳሳደጉኝ አንገቴን ደፋሁ፣ ቁልፉን ተጭኜ በደንብ ዝም አልኩ። ሴቶቹ ጨዋነቴን በዓይናቸው አደነቁልኝ። ቁልፉን ስለቅ አባቴ የሚሰማው የሬዲዮ ጩኸት ብቻ እንደሆነ ተናገረ፤ ልጄ ካልፈለገች አላስገድዳትም አለ። እኔም ደንግጬ ጭራሽ ዝም አልኩ።

ሳሏ ተመልሶ መጣ። «ልጄ» አለች፣ «ዝምታሽ እዚህ አይደርስም። ተናገሪ። ኦቨር።»

«እሺ ብያለሁ አባባ» አልኩ። ድምፄ ከሐርትሼክ እስከ በርበራ ተሰማ፤ ቀጥሎ የመጣው እልልታ በሬዲዮው ውስጥ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጣጣ ነበር።

ጉዳያችን ቢያልቅም ማንም ከክፍሉ አልወጣም። አዴር ዋርሳሜ የሴትዮዋ ልጅ ሳይገኝ አልሄድም አሉ። ሻይ መጣ፣ ሳምቡሳ መጣ። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ከጅቡቲ አንድ ጎረምሳ «እማ» ሲል ሰማን። ያቺ ሁላችንንም ያስተማረች ሴት ቁልፏን ጨብጣ ማልቀስ ጀመረች፣ ስሙን ትጠራለች፣ አትለቅም። ልጁ ደህና ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ታምሜ ነበር ድኛለሁ ይላል። እኛ ሁላችንም እንሰማዋለን፤ የማትሰማው እሷ ብቻ ናት። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ልቀቂ፣ ልቀቂ እያለ ሳጥኑን ይለምናል። ትንፋሿን ለመሰብሰብ አንዴ ስትለቅ አዴር ዋርሳሜ ማይክራፎኑን አነሡ።

«እህቴ፣ ልጅሽ ደህና ነው፤ እኛ ሰምተነዋል። አሁን እጅሽን አንሺና አንቺም ስሚው። ኦቨር።»

ዛሬ ሙክታር ሸምግሏል። 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ጣሪያው ያፈሳል፤ ባሏ ጣሪያ ሠሪ የሆነ ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። ሰው በየስልኩ ተደብቆ ተራራቀ ሲሉ እሰማለሁ፣ እኔ ግን ዕቃውን መውቀስ አልችልም። የአንዲት የማላውቃት እናት ልጅ የእኔም ወንድም መሆኑን የተማርኩት ከዕቃ ውስጥ በወጣ ድምፅ ነው። ፊቷን አላየሁም፣ ስሟንም አላውቅም። ስለዚህ ከሶላት በኋላ ዱዓ ሳደርግላት «ያ አላህ፣ ያቺ ቡርኦ ሆና የምታስለውን» እላለሁ፤ እሱ የቷን እንደምል ያውቃል።