ሽማግሌው እስኪነሱልኝ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሶዶ ውስጥ ሥራ ፈትቼ ስዞር ነው መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ የተቀጠርኩት። ጥናቱን የሚያስጠናው መንግሥት ነው። ማወቅ የፈለገው ፖሊስ ጋ ስለማይደርስ ወንጀል ነበር። እኛ ጋ ሰው ሲመታ መጀመሪያ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ሁለቱም ወገን ነገሩን ዳግም ላያነሱት ይምላሉ፣ አለቀ። ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ቀበሌው ሰላም ነው።

ሶዶ አጠገብ ሁምቦ የደረሰኝ ቤት ያለችው ሴት ግራ ክንዷ ተሰብሮ ተጣሞ ነው የዳነው። ቀበሌው መንገድ እንዲያሳዩኝ የመደበልኝ ሽማግሌ አብረውኝ ገብተው ቁጭ አሉ። ወጉ ነው፤ እንግዳ መንገድ ላይ አይጣልም።

«አባባ፣ ብቻዋን ነው የምጠይቃት» አልኩ በወላይትኛ።

«ጠይቂያት። ጆሮዬ እንደሆነ አይሰማም።»

«ጆሮዎ ካልሰማማ እዚህ መቀመጥ ምን ያደርግልዎታል?»

ሳቁ፤ ግን አልተነሱም። «የሶዶ ልጅ ምላሷ! እኔ የማላውቀው ምን አላት? ከባሏ ወንድም ጋር ያስታረቅኋት እኔ ነኝ።»

ክው አልኩ። ክንዷን የሰበረው ማን እንደሆነ፣ እንዳትናገር ያስማላት ማን እንደሆነ ባንዴ ገባኝ። ሴትዮዋ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ርቦኛል አባባ» አልኩ አፍ አውጥቼ። እሷ ልትነሳ ስትል እጇን ያዝኩ። እንግዳ ራበኝ ሲል ማን ይቀመጣል? ሽማግሌው እያጉረመረሙ እሸት ሊቆርጡ ጓሮ ወጡ።

«ምያለሁ፤ አልናገርም» አለችኝ ቶሎ ብላ።

«ስምሽ አይጻፍም።»

«እሱ ይታሰራል?»

«አይታሰርም።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ይረባኛል?»

ልክ ነበረች። ሥልጠና ላይ የተባልነውን ልደግምላት ጀመርኩና ተውኩት። «ከዚህ ቀበሌ ክስ አይመጣም፣ ስለዚህ ሴት ፖሊስ አያስፈልግም ይላሉ ባለሥልጣኖቹ። ካልተጻፈ አልደረሰም ነው የሚባለው።»

ከጓሮ የበቆሎ አገዳ ሲሰበር ይሰማል።

«እንግዲያ አንቺ ተናገሪ» አለች። «እኔ ምያለሁ፤ ከአፌ ቃል አይወጣም።»

«ተመትተሻል?»

አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«የምታውቂው ሰው ነው?»

ነቀነቀች።

«ደግሞ ይመታኛል ብለሽ ትፈሪያለሽ?»

ስትነቀንቅ ሽማግሌው እሸት ታቅፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምን ብለሻት ነው እንዲህ የምትነቀንቀው?»

መልሱ ከእሷ መጣ፤ ቀና እንኳን አላለችም። «በቆሎሽን ተምች በልቶታል ወይ ብላኝ ነው።»

«እሱንማ እኔን ጠይቂኝ!» ብለው ተቀመጡ። ስለ ተምች የማያልቅ ወሬ አወሩ፤ እኔም የሚሉትን ሁሉ የምጽፍ መሰልኩ። የጻፍኩት ግን የእሷን ሦስት አዎ ነበር።

ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። እሳቸው ከፊት ቀድመዋል።

«ሴቷ ፖሊስ መቼ ትመጣለች?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«መምጣቷንም አላውቅም።»

ልዋሻት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ክንዷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤቷ ተመለሰች።