አሥር አለቃ ሰይድ ከምሽግ ሊወጣ ሲል

ኮረብታዋ ስም አልነበራትም። ካርታ ላይ ያላት ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ቁጥቋጦ እንኳ ስላልበቀለባት እኛ «ራሰ በራዋ» እንላት ነበር። ትእዛዛችን አጭር ነበር፦ ያዙ፤ ተተኪ ጦር እስኪደርስም እንዳትለቁ። ያዝናት። አልለቀቅናትም።

እኔ ከቢቸና የዘመትኩ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ዛሬ እዚሁ ቢቸና ከግንባር የተመለሱ ልጆች ቤቴ እየመጡ ይቀመጣሉ። እናቶቻቸው «እትዬ፣ ምን ብለው ነው የሚያናግሯቸው?» ይሉኛል። ብዙም አልናገርም። እንዴት እንደተማርኩት ግን ልንገራችሁ።

አሥር አለቃ ሰይድ የሞጣ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። ጓደኛው አንዳርጌም ሞጣ ነው ያደገው። አብረው ተመዘገቡ፣ አብረው ሠለጠኑ፣ አንድ ምሽግ ውስጥ ያድሩ ነበር።

ያን ቀን ጎህ ሲቀድ መድፍ ተጀመረ። ቀጥሎ ሞርታር። ከዚያ እግረኛው መጣ። መለስነው። ረፋድ ላይ ተኩሱ ጋብ ሲል አንዳርጌ ከምሽጉ ፊት ለፊት፣ ለጥበቃ በቆመበት የቃፊር ቦታ ላይ ሞቶ እንደወደቀ ቀርቷል። ማዶ አልሞ ተኳሽ ነበር። አንዳርጌን ሊያነሳ የወጣ አንድ ልጅ እዚያው ተመታ።

እኩለ ቀን ላይ ሰይድ ጠመንጃውን አስቀመጠ። ትጥቁን ፈታ። ወደ ምሽጉ አፍ ሄደ።

«ወዴት ነው?» አለው አንዱ።

«ላመጣው።»

ሁለት ሆነው ያዙት። «ወንድ አይደለህም እንዴ? ጠንከር በል!» አለው አንደኛው። «ጦርነት ነው፣ ሰው ይሞታል» አለው ሌላው። በተናገሩት ቁጥር ባሰበት። አዛዣችን ሻምበሉ «እሰሩት» ሊሉ ሲሉ «ጌታዬ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አልኳቸው።

ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። የማውቀው የሥራዬን ደንብ ነው። መልእክት ሲደርስሽ መልሰሽ ታሰሚያለሽ፤ ላኪው «ልክ ነው» እስኪል ድረስ። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«የጥበቃ ተራው የኔ ነበር» አለ።

«ተራው ያንተ ነበር።»

«ትኩሳት ይዞኝ፣ ተኛ ብሎ ገባልኝ።»

«ስለታመምክ ገባልህ። እሱም እዚያው ቀረ።»

«አዎ።» ቀና ብሎ አየኝ። ከጠዋት ጀምሮ የማንንም ዐይን አላየም ነበር።

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«ፀሐይ ላይ ነው ያለው» አለ። «እናቱን ምን እላታለሁ?»

«እናቱ ፊት መቆሙ ነው የጨነቀህ።»

«አይደለም» አለ ቆጣ ብሎ። «እሷስ ይቅር ትለኛለች። እኔ ነኝ ራሴን ይቅር የማልለው።»

«ተሳስቻለሁ። ከራስህ ጋር ነው መታረቅ ያቃተህ።»

«ልክ ነው» አለና ተንሰቀሰቀ። የያዙት ልጆች ለቀቁት። ማንም ዝም በል አላለውም።

ቆይቶ «አሁን ብወጣ እኔም እዚያው ነኝ» አለ።

«አንተም እዚያው ትቀራለህ።»

«ታዲያ ማን ያመጣዋል?»

ጥያቄውን ያነሳው ራሱ ነው፤ መልሱንም ያገኘው ራሱ ነው። ጀንበር ከኋላችን ስለምትጠልቅ የኮረብታዋ ጥላ ከምሽጉ ፊት ላይ ወድቆ ተኳሹ በደንብ እንደማያይ ለሻምበሉ አስረዳ። ሦስት ሰው ጨመሩለት። ዐይን ያዝ ሲያደርግ በሆዳቸው እየተሳቡ ወጡ። እኔ ሬዲዮዬን ይዤ ጠበቅሁ። ሁለቱንም ሬሳ ይዘው ገቡ።

ሰይድ በአንድ ቀን ዳነ አልልም። አገር ቤት ከተመለስን በኋላም እንቅልፍ እንቢ ሲለው ከሞጣ በአውቶቡስ እየመጣ ያወራኝ ነበር። የእኔ ጆሮ ብቻውን ያልበቃ ጊዜ ሐኪም ዘንድ አብሬው ሄጃለሁ። ዛሬ የአባቱን ሱቅ ይዟል፤ ልጆች ወልዷል። ቤቴ የሚመጡትን ልጆችም እንደዚያው ነው የማደርጋቸው፦ እሰማለሁ፣ የሰማሁትን እመልስላቸዋለሁ፣ ስሳሳት ያርሙኛል። እንደሚሠራ አውቃለሁ።

ከዚያች ኮረብታ ሥር ዘጠኝ ሰው ቀበርን፤ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ጎን ለጎን። ለእነሱ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም። አሥረኛ ጉድጓድ ግን አልቆፈርንም።